ፀሐይ የማይወድ ድንጋይ

ስለ ሞባይል ባትሪ አያያዝ በጅቡቲ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎችና ሹፌሮች የተደረገ ንግግር

  

ስትገቡ በሩ አጠገብ አሸዋ የተሞላ የሸክላ ድስት አይታችኋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» ብለውኛል። ስንደርስበት እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ልጆች እንዳይነኩት አደራ።

መጀመሪያ ስለ ድንጋይ ላውራ። እዚህ ካለነው መካከል ዕድሜው ገፋ ያለ ሁሉ የሬዲዮ ድንጋይ ያውቃል። ባትሪ ስንል የእጅ መብራቱን ነበር፤ ውስጡ የሚገባውን ግን ድንጋይ እንለው ነበር። አባቴ የሬዲዮው ድምፅ ሲደክምበት ድንጋዮቹን አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸውና ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል። ማታ መልሶ ሲከታቸው ሬዲዮው ቢያንስ ዜናው እስኪያልቅ ነፍስ ይዘራል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ፀሐይ ድንጋዩን የምትመግበው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተረት አልነበረም፤ ሊያልቅ የተቃረበ ድንጋይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ይፈጥንና የመጨረሻዋን ጉልበት አውጥቶ ይሰጣል። ድንጋዩ ለማንኛውም ነገ የሚጣል ስለሆነ ፀሐይ የምትጎዳበት ነገር የለም።

ከዚያ ሞባይል መጣ። አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ስለ ድንጋይ የምናውቀውን ሁሉ ይዘን ወደ ሞባይሉ ገባን። ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለ ብሎ ባትሪውን ነቅሎ ፀሐይ የሚያሰጣ፣ በጥርሱ የሚነክስ ሰው ዛሬም አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ከዚህ ሁሉ ወሬዬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ የስልካችን ባትሪ ፀሐይ የማይወድ ድንጋይ ነው። የምንኖረው ደግሞ ጅቡቲ ነው።

ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ሹፌር ሱቄ ገባ። ከጋላፊ ተነሥቶ በዲኪል በኩል ሲነዳ አድሮ፣ ወደብ ተራ ሲጠብቅ ውሎ፣ ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው የሠራበት ሰው ነው። ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። መስተዋቱ ከጠርዙ ተነሥቷል፤ በክፍተቱ የ10 ፍራንክ ሳንቲም ይገባል። ቀስ ብዬ ስከፍተው ጣፈጥ የሚል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚያስታውስ ሽታ ወጣ። ብር የሚመስለው የባትሪው ከረጢት ተነፍቶ ትንሽ ትራስ አክሏል። በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ ተነፋ ፊኛ መልሶ ይገፋል።

«ወንድሜ፣ በመርፌ ወጋ አድርገህ አየሩን አስተንፍስልኝ፤ ጥቂት ቀን ልግፋበት» አለኝ። ሚስቱ ደሴ ላይ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ስልኩ ከተዘጋ ወሬዋን የሚሰማበት ሌላ መንገድ የለውም።

እንዴት እንደሚይዘው ጠየቅሁት። ዳሽቦርድ ላይ፣ ከፊት መስተዋቱ ሥር፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ ቀኑን ሙሉ። «ሁሌ 100 እንዲሆን ነው» አለ። ቻርጅ እንዳያልቅበት ሲጠነቀቅ ነው ያበላሸው። መርፌውን አልነካሁትም። ባትሪውን አውጥቼ ከሱቁ ውጭ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት፤ ሲም ካርዱን በእኔ አሮጌ ስልክ ከትቼ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ደወለልኝና «ሴት ልጅ ናት!» አለኝ።

መርፌውን ለምን እንደፈራሁት ለማወቅ ባትሪው ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ መቀነት የተጠቀለለ ነው። አንደኛው ጥብጣብ ስስ መዳብ ሲሆን ግራፋይት ተቀብቷል፤ ግራፋይት ማለት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ሁለተኛው ስስ አሉሚኒየም ነው፤ እሱ ላይ ሊቲየም ያለበት ውህድ ተቀብቷል። ሁለቱ እንዳይነካኩ መካከላቸው የፕላስቲክ ስስ መጋረጃ ገብቷል። ውፍረቱ 20 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የራሳችን ፀጉር እንኳ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍረዋል። ይህ ሁሉ እሳት በሚይዝ ፈሳሽ የራሰ ነው።

ቻርጀር ላይ ስትሰኩት ሊቲየሙ ከአሉሚኒየሙ ወገን ተነሥቶ በፈሳሹ አቋርጦ ግራፋይቱ ውስጥ ይሰገሰጋል። ስልኩን ስትጠቀሙበት ይመለሳል። ባቡሩ በጅቡቲው ናጋድና በአዲስ አበባው ለቡ መካከል እንደሚመላለሰው ሲመላለስ ይኖራል። ስልኩ 100 ሲል ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ጣቢያ ላይ ታጭቋል ማለት ነው። ባትሪው በጣም የሚጨነቀው ያን ጊዜ ነው፤ ቮልቱ 4.2 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህን ዓይነት ባትሪ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ጉድኢናፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር፤ ይህን የምነግራችሁ ሥራው የዕድሜ ልክ ድካም እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ጉልበቱን እናስላው። የዛሬ ስልክ ባትሪ ብዙ ጊዜ 5000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ይላል፤ ቮልቱ 3.85 አካባቢ ነው። ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህ ሦስት የቡና ሲኒ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ያን ሁሉ ሙቀት ኪሳችሁ ውስጥ፣ በዚያ ስስ መጋረጃ ብቻ ተለይቶ አስቡት። መጋረጃው 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ሁለቱ ጥብጣቦች ይነካካሉ፤ ጉልበቱ በአንዴ ይለቀቃል፤ የተለቀቀው ሙቀት አጠገቡ ያለውን ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ከውጭ ምንም ሳይጨመርበት ራሱን በራሱ ያነዳል። መርፌ ደግሞ ሙቀት እንኳ ሳያስፈልገው መጋረጃውን ይቀድደዋል። ባትሪ ሲያብጥ ውስጡ የገባ አየር የለም፤ ፈሳሹ ተበላሽቶ ወደ ጋዝ ተለውጦ ነው። ጋዙ ይነዳል፤ መርዝም አለበት። ጥገና ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ ደንበኛ ቢለምናችሁም፣ እጥፍ እከፍላለሁ ቢላችሁም፣ ያበጠ ባትሪ አትውጉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። በዚህ ከተማ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። ከምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እንደ ምድጃ አፍ እንደሚለበልበን ለእናንተ አልነግርም። በባትሪ ባለሙያዎች ዘንድ በብዛት የሚጠቀሱ ቁጥሮች አሉ፤ ለእኛ የተጻፉ ነው የሚመስሉት። ባትሪን 40 በመቶ ሞልታችሁ፣ ሳትነኩት፣ 25 ዲግሪ በሆነ ቦታ ዓመት ብታስቀምጡት ከአቅሙ 96 በመቶው ይቆያችኋል። ያንኑ ባትሪ 40 ዲግሪ ላይ ብታስቀምጡት ወደ 85 ይወርዳል። 40 ዲግሪ ላይ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ብታስቀምጡት ግን 65 በመቶ ብቻ ይቀራል። ልብ በሉልኝ፤ አንድም ጊዜ አልተደወለበትም። ሙቀቱ ለብቻው የሚያደርሰው ጉዳት አለ፤ ሙላቱ ሲጨመርበት ጉዳቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ያ ሹፌር ሁለቱን አንድ ላይ አገናኝቶ ነው ቀኑን ሙሉ የነዳው።

የመኪና ነገር ከተነሣ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 አሪዞና ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ከ38 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 69 ዲግሪ እንደሚደርስ ለካ። ብዙዎቹ አምራቾች ባትሪ ቻርጅ ሊደረግ የሚገባው ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው ይላሉ። ሹፌሮች ወንድሞቼ፣ መኪናው ሲቆም ስልኩን ይዛችሁ ውረዱ፤ ሲነዳም ከወንበሩ ጎን ጥላ ባለበት አኑሩት። ሌላም ነገር አለ። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። በሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ የምትሰኩት ቻርጀር ላይ «12–24» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። 12 ብቻ የሚል ከሆነ ለትንሽ መኪና የተሠራ ነው፤ እናንተ ጋ ቢቃጠል ጥፋቱ የስልኩ አይደለም።

ወደ ቤታችን እንግባ። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እኅቶቼ ቀኑን ስትለፉ ውላችሁ ከእናታችሁ ጋር የምታወሩት ሌሊት ነው፤ በኢሞ፣ ስልኩ እንደተሰካ፣ ትራስ ላይ። ወሬው ሲያልቅ እንቅልፍ ይጥላችኋል፤ ስልኩም ትራስ ሥር ያድራል። ጥጥ ሙቀትን አምቆ ይይዛል። ሲሰካ ይሞቃል፤ በቪዲዮ ሲያወራ ሌላ ሙቀት ይጨመራል፤ ክፍሉ 34 ዲግሪ ነው፤ መውጫ የለውም። ይህን ስናገር ልቤ ላይ ያለው ስለ ስልኩ አይደለም፤ ጭንቅላታችሁ ያለው እዚያ ነው። እባካችሁ፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጨርቅና ምንጣፍ በሌለበት፣ ከአልጋው ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ተኙ። ከቨሩን አውልቁለት። ፋን ካለ ወደ እሱ አዙሩለት፤ ፋን ለሰው ብቻ አይደለም። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አትሰኩ፤ ቡና ስታፈሉ ስልኩ ረከቦቱ ጎን ተሰክቶ ሲሞቅ ስንት ቤት አይቻለሁ።

ቻርጅ ለማድረግ በጣም ጥሩው ሰዓት ንጋት ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ማለዳ ድረስ ከተማችን ትንሽ የምትተነፍስበት ጊዜ ነው። 80 ሲደርስ ብትነቅሉት ባትሪው ዕድሜ ያገኛል። አዳዲሶቹ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ፣ ባትሪ የሚለው ገጽ ላይ፣ በ80 ወይም በ85 የሚያስቆም ምርጫ አላቸው፤ አንዴ ከከፈታችሁት ራሱ ያቆማል። ረጅም መንገድ ስትሄዱ 100 ሙሉት፤ ስልክ አገልጋያችን ነው፤ እንደ ታቦት አናስቀምጠውም። 100 ሞልቶ ሙቀት ላይ መዋሉን ብቻ ፍሩለት። በሌላ በኩል 0 እስኪሆን ማድረቅም ይጎዳል። «ጨርሶ ይለቅና ከዚያ ሙላው»፣ «አዲስ ሲገዛ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» የሚለው ምክር ኒኬል ካድሚየም ለሚባለው ለድሮው ባትሪ የተሰጠ ነው፤ ያ ባትሪ ከሞባይል ከወጣ ቆይቷል፤ ምክሩ ግን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ እስከ ዛሬ ኖሯል። ለወራት ሞቶ የተቀመጠ ባትሪ ከሌላ ባትሪ በሽቦ እያገናኙ መቀስቀስም አደጋ ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ስልኩ «ሞቄያለሁ፣ ቻርጅ አቁሜያለሁ» ብሎ ሲጽፍላችሁ አትናደዱበት፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ከፍሪጅ ሲወጣ የባሕሩ እርጥብ አየር እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያስላበዋል፤ ላቡ ደግሞ ውስጡም ነው የሚወጣው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ላይ፣ ተነቅሎ ይቆይ፤ ይበቃዋል። የባሕር አየር ካነሣን የቻርጀር ቀዳዳውም አለ። ጨውና አቧራ ተባብረው ይዘጉታል፤ ስልኩ ይጠፋና በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ተብሎ ይጠረግ። በብረት መርፌ አይነካ።

እዚህ ላይ ስለ መብራቱም አንድ ነገር ልበል፤ ሳስበው ስለሚገርመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተመረቀው የ283 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ወዲህ ይህች ከተማ ብዙውን ኤሌክትሪኳን ከአገራችን ወንዞች ታገኛለች። ባልባላ ሰፈር ውስጥ ስልኳን የምትሰካ እኅት ከአገር ቤት ወንዝ የመጣ ጉልበት ነው የምትሞላው። ያ መስመር ሲቋረጥ ታዲያ ጨለማው የሁላችንም ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩ። ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላልና ርካሹ ቻርጀር አይችለውም። ከዱባይ የመጣ ባለሦስት እግር ቻርጀር በማቀያየሪያ ሶኬቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ እየፈነጠረ የሚሠራበት ቤት ካለ ዛሬውኑ ይቀየር። የላላ ሶኬት ያሞቃል፤ በአንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅና አምስት ስልክ መሰካትም እንዲሁ።

(በዚህ ጊዜ ተናጋሪው ከኪሱ አንድ ባትሪ አወጣ።)

ይህን የማያውቅ የለም፤ ቢኤል-5ሲ ነው። የኖኪያ ባትሪ ሆኖ መጣ፤ ኋላ ግን የቻይና ሬዲዮውም፣ የእጅ መብራቱም፣ የመዝሙርና የመንዙማ ማጫወቻውም የሚሠራው በእሱ ሆነ። የሬዲዮ ድንጋዩን ወንበር የወረሰው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 ኖኪያ፣ ማትሱሺታ የተባለ ኩባንያ የሠራቸውን 46 ሚሊዮን ቢኤል-5ሲ ባትሪዎች በነፃ እንደሚቀይር ለዓለም አስታወቀ። በቻርጅ ላይ እያሉ ከመጠን በላይ እንደሚሞቁ ያሳዩት ወደ 100 የሚሆኑ አጋጣሚዎች ናቸው። ከ46 ሚሊዮን 100! ግን ኩባንያው ነገሩን ችላ አላለውም። ያኔ የተሠራው እውነተኛው ባትሪ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚሸጠው ሐሰተኛው ስንት እንደሆነ ገበያ ወጥታችሁ እዩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋው አስተኝቼ በጣቴ እንዲህ አሽከረክረዋለሁ። ይኸው፣ ወዲያው ቆመ፤ ሆዱ አልተነፋም። እንደ እንዝርት ቢሽከረከር ኖሮ አብጧል ማለት ነው። ባትሪው የማይወጣ ስልክ ያላችሁ መስተዋቱን ወደ መብራት አዙራችሁ በጠርዙ በኩል ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚገባበት ስንጥቅ ካለ፣ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲተኛ የሚንገዋለል ከሆነ፣ መስተዋቱ ሲጫኑት ቀለሙ የሚፈስ ከመሰለ፣ አትሰኩት።

ፓወር ባንክ ስትገዙ ደግሞ በሚዛን ግዙ። 10000 የሚል እውነተኛ ፓወር ባንክ 200 ግራም ገደማ ነው፤ 20000 የሚል ወደ 350 ይጠጋል ወይም ያልፋል። መዳፍ ላይ እንደ ላባ የሚቀል ነገር 50000 ተጽፎበት ካያችሁ የጻፈው ሰው ዋሽቷል። ክብደትም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ጊዜ አንዲት እኅት የሁለት ወር ቁጠባዋን ከፍላ የገዛችውን ስከፍት አንዲት ትንሽ ባትሪና በፕላስቲክ የታሸገ አሸዋ ነው ያገኘሁት። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፤ ተታልላ ያጣችው የላቧን ነው። እንግዲህ ሚዛኑን ከታማኝ ሻጭና ከዋስትና ጋር አጣምሩት።

«እኔ ውድ ስልክ ነው የያዝኩት፣ አይመለከተኝም» የሚል ካለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ወጣ፤ በጥቅምት ምርቱ ቆመ። ኩባንያው ኋላ እንዳስታወቀው ከሁለት አምራቾች በመጡት ባትሪዎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ነበሩ፤ በአንደኛው ጥጉ ላይ ጥብጣቡ ታጥፏል፤ በሌላው ከብየዳ የተረፈ ሹል ነገር ያን ስስ መጋረጃ ይወጋዋል። መርፌ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ግን እኛን የሚነካን የአገራችን አውሮፕላን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም ያለው፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ ነበር። መንገደኛ የለም፤ ሠራተኛ የለም፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ከአዲስ አበባ ከደረሰ ሰዓታት አልፈዋል። ከሰዓት በኋላ ከጅራቱ አካባቢ ጭስ ወጣ። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2015 ባወጡት ዘገባ መነሻውን አገኙት። አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅ ትንሽ መሣሪያ ጣሪያው ውስጥ አለ፤ በሊቲየም ባትሪ ይሠራል። ባትሪው ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ነው፤ ከስልካችን ይለያል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። የባትሪው ሽቦዎች ተጣልፈው ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ያቺ የተቆነጠጠች ሽቦ መነካካት ፈጠረች፤ አንዱ ክፍል ጋለ፤ የጋለው ጎረቤቱን አነደደ፤ እሳቱ የአውሮፕላኑን አካል በላ። ገብተው ያጠፉት ሰዎች መጀመሪያ በእጅ በሚያዝ የጋዝ ማጥፊያ ሞከሩ፤ አልተበገረም። ጣሪያውን አንሥተው ውሃ ሲለቁበት ነው የጠፋው። ያ እሳት ሰማይ ላይ ቢነሣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ፓወር ባንክ በሻንጣ አስገብታችሁ አታስረክቡ፣ በእጃችሁ ያዙት የሚባለው ለዚህ ነው። ጭስ ከወጣ ሰው አይቶ ውሃ እንዲያፈስበት ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የተጻፈውን ቁጥር በ3.7 አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። 20000 ከሆነ 74 ይመጣል፤ ያልፋል። 30000 ከሆነ 111 ነው፤ አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይፈልጋል። ክረምቱን አገር ቤት ለማሳለፍ የምትበሩ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ላይ እንዳትቸገሩ።

እሳት ቢነሣስ? ስልኩ መፍላት፣ ፉጨት ማሰማት፣ ነጭ ጭስ መትፋት ከጀመረ አታንሡት፤ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሩጡ፤ እጅ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ብዙ ውሃ አፍስሱበት፤ እስኪቀዘቅዝ፣ ደጋግማችሁ። ለስልክ ባትሪ ውሃ ይሠራል። ጠፋ ካላችሁ በኋላም እንደገና ሊነሣ ይችላልና ወዲያው አትንኩት። ጭሱን አትሳቡ፤ ልጆችን አስቀድማችሁ አውጡ፤ በር መስኮት ክፈቱ፤ ለእሳት አደጋ በ18 ደውሉ። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባም፤ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበትና ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ድስቱ ደረስን። ያበጠ ባትሪ ቤት ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ቆሻሻው ሲቃጠል ልጆች አጠገቡ ይጫወታሉ። ሁለቱም መጥፎ ነው። አሸዋ አይነድም፤ ሙቀቱንም፣ ብልጭታውንም አፍኖ ይይዛል፤ ሸክላም እሳት የለመደ ነው። አገራችን ውስጥ አሸዋ ውድ ቢሆን ይገባኛል፤ ጅቡቲ ውስጥ ግን ከደጃችን አለ። ባትሪውን ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ ሳትጫኑት ሳታጥፉት፣ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትግጠሙት፤ ድስቱን ከቤት ውጭ፣ ጥላ ላይ፣ የሚነድ ነገር በሌለበት አኑሩት። እኔ የሰበሰብኳቸውን አሮጌ ባትሪ ለሚረከቡ ሰዎች ነው የማስረክበው፤ የእናንተንም አብሬ እወስዳለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ቆዩ፤ ሻይ አለ። ከመካከላችሁ ሦስት አራት ሰው ስልኩን ወደ መብራቱ አዙሮ ጠርዙን ሲያይ አይቻለሁ። ስንጥቅ ያገኛችሁ አታፍሩ፤ አጥፉትና ወደ በሩ ይዛችሁ ኑ። መሣሪያዬን ይዣለሁ። ባትሪውን እዚሁ እናወጣዋለን፤ ሲም ካርዳችሁን ለሌሊቱ የማስገባበት ስልክም አምስት አምጥቻለሁ።